ያልተወለደችው መንታ

ፀጉር ሠሪዋ የሾርባ ሳህኗን እንደያዘች በኩሽናው መስኮት ወደ ጓሮ አጮለቀች። የባሏ ታላቅ እህት ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ እያሰጣች ነው። ጊዜ አላጠፋችም፤ ሾርባውን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠችና ውሃ ለቀቀችበት። የካሮቱ ቁርጥራጭ ቀዳዳው ላይ ተሰብስቦ አልወርድ ሲላት በጣቷ እየገፋች አወረደችው። ከዚያ አፏን ጠረግ አድርጋ፣ እንደጠገበ ሰው ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ጨረስሽው?» አለች እትዬ ባዶውን የልብስ ሳፋ በጎኗ ደግፋ ስትገባ።

«ጥርግ አድርጌ። እጅሽ ይባረክ።»

«ጨው አልበዛበትም?»

«ኧረ ልክ ነው።»

እትዬ ሳህኑን አየችው፤ ቀጥላ እሷን አየቻት፤ ምንም ሳትል ሳፋውን ቦታው አስቀመጠች። ፀጉር ሠሪዋን ያስፈራት ይሄ ዝምታ ነው። «ንጹሕ ሰው ቢሆን እንዲህ ዝም ይላል?» አለች በሆዷ።

ከጥቂት ወራት በፊት እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት የማይታሰብ ነበር። እትዬ ወንድሟን ማሳደግ የጀመረችው እናታቸው ሞታ እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ሆስፒታል ልብስ እያጠበች አስተማረችው፤ መንጃ ፈቃድ አስወጣችው፤ የጭነት መኪና መሪ አስጨበጠችው። እሱን ስትል ራሷ ሳታገባ ቀረች። ሲያገባም አብራው መጣች። ፀጉር ሠሪዋ «እኔ ባል ያገባሁት ከነእናቱ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር እንጂ ከፍቷት አያውቅም። እትዬ ነገር አትወድ፣ ጎረቤት አታማ። ጠዋት ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበስላለች። እሑድ ሲሆን ሦስቱም ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ጊዜ አርግዛ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሆዷ ገና መታወቅ ሲጀምር ወረደባት። በሁለተኛው ባሏ ሩቅ መንገድ ላይ ስለነበር ደግፋ ሆስፒታል የወሰደቻት፣ ያመጣቻት፣ ደሟን ያጠበችላት እትዬ ናት። ያኔም ዝም ነው ያለችው። እንደ ሌላው ሰው «አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አላለቻትም። እግሯ ሥር ቁጭ ብላ እግሯን ስታሽላት ዋለች። ያኔ ያ ዝምታ እንደ ብርድ ልብስ ሞቋት ነበር። አሁን ስታስበው ይቀዘቅዛታል።

ነገሩ የተጀመረው ፀጉር ቤት ነው።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን መስታወቶቹ፣ በሌላው ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ካስኮች። ካስክ በቢጎዲን፣ በፀጉር መጠቅለያው፣ የተጠቀለለ ፀጉር እንዲደርቅ ራስ ላይ የሚደፋው ትልቁ ማድረቂያ ነው፤ ውስጡ የገባች ሴት ከጩኸቱ የተነሳ መልአክ ቢጠራት አትሰማም። ስለዚህ የፀጉር ሠሪዎች ሸንጎ የሚሰየመው ደንበኛ ካስክ ውስጥ ስትገባ ነው። ስለ ባል፣ ስለ አማት፣ ስለ አከራይ፣ አሁን ካስክ ውስጥ ስላለችው ስለራሷ ስለ ደንበኛዋም ሳይቀር የሚወራው ያኔ ነው። ከፀጉር ሠሪዋ ጋር የምትሠራውን ልጅ ሁሉም ሬዲዮ ነው የሚላት፤ መዝጊያ ቁልፏ የጠፋ ሬዲዮ። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ቤት ውስጥ የምትውጠውን ሁሉ የምትተነፍሰው ለሬዲዮ ነበር።

ከደንበኞቻቸው አንዷ ጥቁር ሻርፕ የማይለያት፣ ቃል የማይወጣት ሴት ናት። በየሳምንቱ ትመጣለች፤ ትታጠባለች፤ ትጠቀለላለች፤ ከዚያ «የጥጉን ካስክ ስጡኝ፣ ሌላው ራሴን ያመኛል» ትላለች። ጨርሳ ስትወጣ «ተባረኩ» ብቻ ብላ ነው።

ያቺ ባለሻርፕ አንድ ቀን በር ላይ የፀጉር ሠሪዋን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«እህቴ፣ ዝም ብል በደል ይሆንብኛል። ስለ አንቺ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። አንዲት የእግዚአብሔር ሴት አሉ፤ እናታችን ነው የምንላቸው። እሳቸው ፊት ልውሰድሽ።»

ልጅ ያጣች ሴት እግሯ የማይረግጠው ደጅ የለም። ሄደች።

እናታችን የሚባሉት ሴትዮ የሚያገለግሉት የቀለም መሸጫ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ ነው፤ የቀለሙ ሽታ ደረጃውን ይዞ እስከ ላይ ይከተላል። ወፍራም፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚናገሩ ሴት ናቸው። እጃቸውን ግንባሯ ላይ ጫኑ።

«ሁለት ሕፃናት አያለሁ» አሉ። «ደጅ ቆመው ያለቅሳሉ። አልጋሽ መስኮት ሥር ነው፣ አይደል? እግርሽ ሥር የተቀመጠች ሴት አያለሁ። አንገቷ ላይ ቁልፍ አለ፤ ከአንገቷ አይወርድም። ምንድን ነው የቆለፈችበት? ማኅፀንሽን ነው! የምታጎርስሽ እጅ ናት የምትነጥቅሽ!»

 እትዬ የቁም ሣጥኗን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ ነው የምታስረው። ይህን ማን ነገራቸው? ከሰማይ በቀር ማን ያውቃል?

«ጌታ እንዲህ ይላል» አሉ እናታችን። «ዓመቱ ዞሮ ሳይመጣ ወንድ ልጅ ታቅፊያለሽ። ግን መጀመሪያ ያ እጅ ከቤትሽ ይውጣ። ሐኪም ቤትም እንዳትሄጂ፤ በመንፈስ የታሰረ በመርፌ አይፈታም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉር ሠሪዋ ቤቷ ውስጥ ሰላይ ሆነች። እትዬ ሻይ ስታፈላ በበሩ ስንጥቅ ታያታለች። ስትጸልይ ከንፈሯን ትከታተላለች፤ የማንን ስም ነው የምትጠራው? አንድ ከሰዓት እትዬ ሎሚው ዛፍ ሥር ጎንበስ ብላ አፈር ስትቆፍር አየቻት። እስክትወጣ ጠበቀችና ቦታውን ማሰችው። የድንች ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊት አገኘች። እትዬ ለዛፉ ይጠቅመዋል ብላ ሁልጊዜ የምትቀብረው ነው፤ ይህን ፀጉር ሠሪዋም ታውቃለች። ግን ጥርጣሬ የያዘው ሰው የሚያውቀውን ይረሳል። «እንቁላል!» አለች በድንጋጤ። «እንቁላል ማለት ልጅ ማለት አይደል?»

ባሏ ከመንገድ ሲመለስ በር ዘግታ ነገረችው።

«እትዬ?» አለ። ሊስቅ ሲል ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። «እትዬ እኮ ናት! እኔን አዝላ የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች!»

«እኔ መች አልኩ? የተነገረኝን ነው የነገርኩህ።»

«ማነው የነገረሽ?»

«ጌታ።»

ባሏ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ሰው ተናገረው ቢባል ይጣላል፤ ጌታ ተናገረው ሲባል ከማን ጋር ይጣላል? ተቆጥቶ ወጣ፤ መኪናውን፣ መታጠብ የማያስፈልገውን ቦታ ሁሉ ሳይቀር፣ ሲያጥብ ዋለ። «እንዲህ ያለ ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ!» ብሎ ዛተ። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ የተባለው ተብሏል።

በማግስቱ ምሳ ቀረበ። እትዬ ለወንድሟ እንደ ልማዷ ሞላ አድርጋ ሾርባ ቀዳችለት። ማንኪያውን አነሳ። ወደ አፉ ሊያደርሰው ጥቂት ሲቀረው እጁ ቆመ። ለቅጽበት ያህል ነው፤ ሳያስበው ነው፤ ማንኪያውን ግን መልሶ አስቀመጠው። «መንገድ ላይ የበላሁት ከብዶኛል» አለ።

እትዬ አየችው። አሁን ግን እንደ ወትሮዋ ዝም አላለችም።

«ምን ሆናችኋል?» አለች። «እሷ ምግቤን ስትደፋ ሰንብታለች። ካሮቱን ቱቦው ውስጥ እያገኘሁት፣ ሐዘን ነው፣ ይለፍላት ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ?»

ወንድሟ ሳህኑን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

«አንቺ ልጅ፣ ተናገሪ። እኔን ነው የጠረጠርሽው?»

ፀጉር ሠሪዋ ጀመረች። መጀመሪያ እየፈራች፣ ቀጥሎ እየጮኸች፣ የታየውን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ደጅ የቆሙትን ሕፃናት፣ ቁልፉን፣ የምታጎርሰውን እጅ። እትዬ አላቋረጠቻትም። ሰምታ ስትጨርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እንደ ደከማት ሰው።

«ማነው ያለው?»

«እግዚአብሔር።»

«ለእኔም እኮ አባቴ ነው። ሌባ ናት፣ ልጅ በላ ናት ብሎ ከኋላዬ ያማኛል?» አለች እትዬ። «እሺ፣ ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ቃሉን ስትሰሚ ነው ያደግሽው። አልተውሽም፣ አልጥልሽም ያለውን አምላክ ነው አምናለሁ የምትዪው። ያ አምላክ በእኔ የሾርባ ማንኪያ የሚሸነፍ ነው?»

ፀጉር ሠሪዋ ተናደደች። «እሱን ራሱን ጠይቂው!» አለች።

እትዬ ወደ ወንድሟ ዞረች። ትልቁ ሰውዬ፣ የጭነት መኪናው ጌታ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ሲጠቀልል አቀርቅሮ ነበር። ጠበቀችው። ቀና አላለም።

ያን ዕለት ሳይመሽ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ አንድ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ወጥ ቤት ስለምትሠራ፣ እዚያ ግቢ ባለች ትንሽ ክፍል ተጠጋች። ፀጉር ሠሪዋ የተተወውን ክፍል ስትገባ ቁም ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። የብል መከላከያ ይሸታል እንጂ ምንም የለበትም። «አሃ፣ ያለውን ይዛው ሄዳለች» አለች። ጥርጣሬ ባዶ ቁም ሣጥን አይቶ አይጠግብም።

እፎይ ትል መስሏት ነበር። ቤቱ ግን ፀጥ ረጭ አለ። ባሏ ከመንገድ ቢመጣም ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ፀጉር ሠሪዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት መሰለች። ወደ አዳራሹ ሄዳ ይህን ስትናገር እናታችን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግንዱ ወጣ እንጂ ሥሩ አለ» አሉ። «ሌላም ሰው አያለሁ። ገና አልተገለጠልኝም። ጹሚ፣ ጸልዪ፣ ተጠንቀቂ፤ ከቅርብሽ ነው።»

ከቅርብሽ! ማን ቀረ? ባሏ። እናቷ። ሬዲዮ። መንገድ ላይ «እንደምን ዋልሽ» ያላትን ሁሉ ስሩን ቅጠሉን ስትመረምር ሰነበተች።

ታዲያ አንድ ቀን ደንበኛ ጠፍቶ ፀጉር ቤቱ ቀዘቀዘ። አንዲት የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ብቻ ቅንድቧን ልታስተካክል መጥታ ሬዲዮ ፊት ተቀምጣለች። ፀጉር ሠሪዋ ወገቧን አሟት ስለነበር ራሷን ታጥባ ቢጎዲን ጠቀለለችና ጥጉ ካስክ ሥር ተቀመጠች። እዚያ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ካስኩ አሮጌ ነው፤ ሙቀቱን ይሰጣል፣ ማራገቢያው ግን ደክሞ ድምፁ እንደ ድመት ማንኮራፋት ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

«... ምስኪን ምን ታድርግ» ትላለች ሬዲዮ። «የባሏን እህት አባረረቻት እኮ! አሁን ደግሞ ባሏ አኩርፎ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው።»

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ገለጠች። እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ትሰማለች፤ ሬዲዮ ጆሮዋ ሥር ቆማ የምታወራት ያህል።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ተነስታ ሬዲዮን በማበጠሪያ ልትላት ነበር። ከዚያ ንዴቱ ሳይወጣ ሌላ ነገር መጣባትና ካስኩ ሥር እያላባት በረዶ ሆነች። የጥጉን ካስክ ስጡኝ። ሌላው ራሴን ያመኛል። መስኮት ሥር ያለው አልጋ፣ እግር ማሸቱ፣ አንገት ላይ ያለው ቁልፍ... ይህን ሁሉ የተናገረችው ማን ነበረች? ራሷ! እዚሁ ቆማ፣ ቢጎዲን እየጠቀለለች፣ በገዛ አፏ ለሬዲዮ!

ግን ወዲያው ሌላ ድምፅ በውስጧ ተነሳ። የእግዚአብሔርን ሴት እየጠረጠርሽ? ቢሆንስ? በመንፈስ ላይ ብትናገሪ ምን ይደርስብሻል? ሁለቱ ጥርጣሬዎች እንደ ሁለት ውሻ ሆዷ ውስጥ ሲናከሱ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰነች። ማረጋገጥ ምን ኃጢአት አለው? እውነት ከሆነ ምን ይፈራል?

ባለሻርፗ በቀኗ መጣች። ታጠበች፣ ተጠቀለለች፣ ጥጉ ውስጥ ገባች። ፀጉር ሠሪዋ ወደ ሬዲዮ ተጠጋች። እውነቱን ለሬዲዮ መንገር አይታሰብም፤ ለሬዲዮ ምስጢር መንገር ማስታወቂያ ማስነገር ነው። ስለዚህ እሷንም ዋሸቻት።

«ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ?» አለች። «እኔ መንታ ነበርኩ።»

«ምን?» ሬዲዮ መተኮሻውን ከእጇ ጣለችው።

«እህት ነበረችኝ። አብረን ተወለድን፤ እሷ በተወለደችበት ቀን ሞተች። እናቴ እስከዛሬ ስሟን አታነሳም።»

ሬዲዮ አለቀሰች። ከልቧ አለቀሰች፤ በደንበኛ ፎጣ አፍንጫዋን እስክትናፈጥ። ፀጉር ሠሪዋ አላየቻትም። የምታየው በመስታወቱ ውስጥ የጥጉን ካስክ ነው። ባለሻርፗ ዓይኗን እንደጨፈነች ናት፤ ራሷ ግን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ እነሱ ዘንበል ብሏል።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ተራዋ ሲደርስ ተንበረከከች።  እውነቱን ለመናገር፣ የተመኘችው ምንም ባይሉ ነው። ዝም ቢሉ፣ ወይም የማይገናኝ ነገር ቢናገሩ፣ የጣለችው ሁሉ በከንቱ እንዳልተጣለ ራሷን ማሳመን ትችል ነበር።

እናታችን እጃቸውን ጫኑ። «ኦ!» አሉ። «አሁን ተገለጠ! ሥሩ ተገለጠ! ሕፃን አያለሁ... አንቺን የምትመስል... ከአንቺ ጋር በአንድ ማኅፀን የነበረች! በተወለደችበት ቀን የሞተች! እሷ ናት ልጆችሽን የምትጠራብሽ!»

አዳራሹ «አሜን!» ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ እልል አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ተነስታ ቆመች። «እኔ መንታ የለኝም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «እናቴ ብቻዬን ነው የወለደችኝ።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ግን አልደነገጡም። ለስላሳው ድምፅ ንቅንቅ አላለም። «እናትሽ ደብቃሽ ነው፣ ልጄ። ሂጂና ጠይቂያት፤ ትክዳለች። ክህደቷ ራሱ ምልክት ይሁንሽ።»

እዚህ ላይ የሆነውን ፀጉር ሠሪዋ በኋላ ለማንም ስትናገር ታፍር ነበር። ለአንድ አፍታ አመነች! እናቴ ደብቃኝ ይሆን? ልደቴን ሳነሳባት የምትተክዘው ለዚህ ይሆን? ብላ አሰበች። ያቺን መንታ ራሷ በገዛ ምላሷ እንደፈጠረቻት እያወቀች፣ ሕፃኗ ሕይወት ዘርታ ፊቷ የቆመች መሰላት። ከዚያ ወደ ልቧ ተመለሰች፤ ምን ያህል ርቃ እንደሄደች ያየችውም ያኔ ነው። አሁን የሌለችውን ሕፃን አምና፣ ነገ እናቷን ልታባርር ነበር!

«መንታዋን ማክሰኞ ዕለት ፀጉር ቤት ውስጥ የፈጠርኳት እኔ ነኝ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ አልቀጠነም። «የጥጉ ካስክ እንደሚያሰማ አላወቅኩም ነበር። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

እናታችንን «አንቺ» ስትል አዳራሹ ጭጭ አለ። ከዚያ ጩኸቱ ተነሳ፤ «ሰይጣን ነው!» የሚል፣ «አስወጧት!» የሚል። ማንም ሳይነካት በገዛ እግሯ ወረደች። ባለሻርፗ ደረጃው ላይ ሮጣ ደረሰችባት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እኔ እኮ ለክፋት አይደለም» አለች። «መረጃ ለጸሎት ነው። እናታችን ካላወቁ እንዴት ለይተው ይጸልያሉ?»

«ካወቁማ ለምን ጌታ ነገረኝ ይላሉ?»

ባለሻርፗ ወደ አዳራሹ ዞር ብላ አየች።

ፀጉር ሠሪዋ በዚያው ወደ ሕፃናት መዋያው ግቢ ሄደች። እትዬ ገመድ ላይ ትንንሽ ሽርጦች ታሰጣለች። የመጣችውን አይታ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች፤ ግን ወደ እሷ አልተራመደችም። ፀጉር ሠሪዋ መሬት ላይ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት፤ ካስኩን፣ መንታዋን፣ የደፋችውን ሾርባ ሁሉ፣ ሎሚው ሥር የማሰችውን እንቁላል ቅርፊት ሳይቀር። እንቁላሉ ላይ ስትደርስ እትዬ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው መልሳ ኮስተር አለች።

«ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል። ይቅር ብዬሻለሁ።»

«እንሂድ እንግዲህ፣ ቤትሽ እንግባ።»

«ቤትሽ አልመጣም» አለች እትዬ። «ይቅር ማለትና ሻንጣ መያዝ አንድ አይደለም። አንቺ ባዳ ነሽ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ተታለልሽ። እሱ ግን ማንኪያውን ሲያስቀምጥ አየሁት። እሱ ይምጣና ያናግረኝ። ከዚያ እናያለን።»

ፀጉር ሠሪዋ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሆዷ ውስጥ ያለውን ጥያቄ አወጣችው። «ታዲያ እግዚአብሔር ልጅ ይሰጠኛል ወይስ አይሰጠኝም?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ይባላል? አንቺ ይሄን ሁሉ ዘመን ስታምኚ?»

«ያላለውን ብሏል ከማለት አላውቅም ይሻላል» አለች እትዬ። ሽርጡን አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው። «አልተውሽም ብሏል። ይሄን ብሏል፤ ይሄን ብትይዥው አይከዳሽም። ልጅሽ ሲወርድም እኔ እግርሽ ሥር ስቀመጥ የያዝኩት እሱን ነው፤ ሌላ የምልሽ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ወንድ ልጅ በዚህ ዓመት ያለው ግን እሱ አይደለም። ሰዎች ናቸው በአፉ ያጎረሱት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ።»

«አሁን እኮ ማንንም ማመን ፈራሁ። አንቺንም፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መጋቢም፣ ራሴንም።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ። ይለቅሻል። ደግሞ መርምሪ፣ እኔን ጨምሮ። ግን የሚመረምር ሰው ቀርቦ ይጠይቃል፤ አንቺ በበር ስንጥቅ ነበር የምታዪኝ። ለመሆኑ ለምን እንደሚወርድብሽ ለማወቅ ሐኪም ዘንድ ሄዳችኋል?»

አልሄዱም ነበር። ተከልክላ ነበራ።

ባሏ ሁሉንም በስልክ ሰምቶ ስለነበር፣ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን እንኳ ሳያቆም በቀጥታ ወደ መዋያው ሄደ። ምን እንደተባባሉ ፀጉር ሠሪዋ አልሰማችም፤ እዚያው መጥታ ከበሩ ውጭ ቆማ ነው የጠበቀችው፤ በስንጥቅም አላየችም። ሲወጣ ዓይኑ አብጦ ነበር። እትዬ ያን ዕለት አልተከተለችውም። ከብዙ እሑድ በኋላ ነው ሻንጣዋን ይዛ የተመለሰችው፤ ያውም የመዋያውን ሥራ ሳትለቅ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ መርምራት ስትጨርስ በወረቀት ላይ ስላ አሳየቻቸው። የማኅፀኗ አፍ ደካማ ነው፤ ፅንሱ ሲከብድ ይላላል፤ ሁለቱንም ያስወረዳት ይህ ነው። «የማንም ጥፋት አይደለም» አለች ሐኪሟ እንደዋዛ። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ስታረግዥ ቶሎ ነይ፣ እንሰፋዋለን፣ ከዚያ ትተኛለሽ፤ ዋስትና ግን አልሰጥሽም አለቻት።

ሌላ ዓመት አለፈ። አረገዘች። ተሰፋላት። ከመስኮቱ ሥር ተኝታ ወራቱን ስትገፋ ፍርሃቱ በየቀኑ አብሯት ይነቃ ነበር። የሆዷ ትንሽ ቁርጠት ማንን ልጠርጥር ያሰኛት ነበር። እትዬ ከሥራ ስትመለስ አጠገቧ ተቀምጣ ትጸልያለች። ጸሎቷ አጭር ነው፤ «ልጁን ሰጥተሃል» አትልም፤ «አንተ እዚህ ነህ» ነው የምትለው። መጀመሪያ ላይ ይህ ለፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ነገር ይመስላት ነበር። በኋላ ግን አስተዋለች፤ ይህ ቃል ልጁ ቢወለድም ባይወለድም ውሸት የማይሆን ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ቀኗ ሳይደርስ ቸኩላ መጣች፤ ትንሽ ነበረች፤ ግን ጩኸቷ ሬዲዮን ያስንቃል። ይህን ያለችው ራሷ ሬዲዮ ናት።

ልጅቷ ጠንከር ስትል በሩ ተንኳኳ። ባለሻርፗ ናት፤ በእጇ የሕፃን ልብስ ይዛለች፤ ፊቷ በርቷል።

«ትንቢቱ ተፈጸመ!» አለች ገና ከደጅ። «እናታችን ሲሰሙ እንዴት ደስ አላቸው! በአዳራሹ ተመሰከረ እኮ!»

«ወንድ ነበር ያለችው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ያውም በዚያው ዓመት።»

«በመንፈስ ሲታይ ጾታው...» ብላ ጀመረች ባለሻርፗ፤ አልጨረሰችውም።

ፀጉር ሠሪዋ በሩን ግማሽ እንደያዘች ቆመች። ሕፃኗን ልታሳያት አልፈለገችም። ልብሱንም ልትቀበላት አልፈለገችም፤ ምን ተጸልዮበት እንደሆነ ማን ያውቃል? በሩን ልትዘጋ እጇ ሲሄድ ግን የሴትዮዋን ፊት አየችው። ብርሃኑ እንደ ተቀባ ቀለም ነው፤ ሥሩ ድካም አለ። ስንት ዓመት ነው ይቺ ሴት ያን ደረጃ የምትወጣው? በየሳምንቱ የሰው ምስጢር ስታመላልስ የኖረችው በምን ተስፋ ነው? ይህን ጠይቃት አታውቅም።

«አንቺስ?» አለቻት። «ለአንቺ ምን ብላሽ ነው?»

ባለሻርፗ ሻርፗን አጥብቃ ያዘች።  «ባሌ ይመለሳል ብለውኛል» አለች። «ሲሄድ ልጄ ገና አልተወለደችም ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ጨርሳለች።»

ከጓዳ እትዬ «ማነው?» ብላ ተጣራች።

«እንግዳ ናት» አለች ፀጉር ሠሪዋ። በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችውና ወንበር ልታመጣ ገባች።